ሥራው መውደቅ ነው

ስለ ጎረቤቴ ስለ ወይዘሮ እታገኝ ልጅ፣ ስለ አንዷለም፣ መሐል ሜዳ ውስጥ ከሚወራው ግማሹ ውሸት ነው። የቀረውን ግማሽ ያወራሁት እኔ ስለሆንኩ እሱን እመኑ።

ወሰኔ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ የስፌት መኪናዬ ግን ቅባት ካገኘች እስከ ዛሬ አልቆመችም። የእኔንና የእታገኝን ግቢ የሚለየው አንድ አጥር ነው። ያም አጥር አንዷለም ልጅ ሳለ ሲዘልበት ሲዘልበት ጎብጦ ቀርቷል። ይህ ልጅ ከፍ ያለ ነገር ካየ አያስችለውም። የገብስ ጭድ ተከምሮ ካየ ወጥቶ ይዘላል። የሰው ጣራ ሲከደን ካየ ሣር ላቀብል ብሎ ይወጣና በመሰላሉ አይወርድም። ክረምት አልፎ ወንዙ ሲጠራ ደግሞ ሴቶቹ ልብስ ከሚያጥቡበት ጥልቅ ውሃ በላይ ካለው ቋጥኝ ራሱን ቁልቁል ይለቃል። እታገኝ የያዘችውን ሁሉ ጥላ «ልጄን! ኧረ ልጄን!» ስትል፣ እሱ ከታች ብቅ ብሎ፣

«እማዬ፣ ሳሙናው እየሄደልሽ ነው» ይላታል።

ለዚህ ሥራው የመጀመሪያውን ቁምጣ የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ ከአቡጀዲ። ያድግበታል ብዬ ሰፋ አድርጌ ነበር የሰፋሁት። ውሃው ጋ ሲደርስ ቁምጣው አየር ይዞ ተነፋና ልጁ ወደ ታች ሲሄድ ቁምጣው ላይ ቀረ። አጣቢዎቹ ሴቶች የሳቁትን ሳቅ ገበያ ድረስ ሰማሁት። እስከ ዛሬ «የቁምጣው ወሰኔ» የሚሉኝ አሉ፤ ልብስ ሊያሰፉ ሲመጡ አውቅላቸዋለሁ።

ከዚያ ዘመን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጓሳችን ጣራ የምንከድንበት፣ በሕግ የሚኖር የሣር ሜዳ ነው። ሲዘጋ ለዓመታት ይዘጋል፣ በግም አይገባበት፣ ማጭድም አያርፍበት። ሲከፈት ሁሉም እኩል ያጭዳል። ያን ጊዜ የጠባቂዎቹ አለቃ አቶ አምባዬ ነበሩ። አቶ አምባዬ ሌባ አያባርሩም። ማዶ ላይ ይቆሙና አንድ ጊዜ «በሕግ አምላክ!» ይላሉ፤ በቃ። ድምፃቸው ሸለቆውን ተሻግሮ ሲያርፍ በጉ እንኳ መጋጡን ይተዋል ይባላል። በአባቶቻችን ደንብ በሕግ አምላክ የተባለ ሰው፣ ጠሪው ደርሶ ጉዳዩን ተናግሮ እስኪለቀው ድረስ ካለበት አይነቃነቅም። ሕጉን የሚያከብር እግር ያለው ሰው ግን እየቀነሰ መጥቶ ነበር።

የእታገኝ ጣራ አፈሰሰና አንዷለም ከጓደኞቹ ጋር የተዘጋ ጓሳ ገባ። ሣሩን አጭደው፣ አስረው፣ ተሸክመው ሲነሱ ያ ድምፅ መጣ። ጓደኞቹ ሸክማቸውን ጥለው እንደ ሚዳቋ ተበተኑ። አንዷለም ሸክሙን ራሱ ላይ እንዳደረገ ቆመ። አቶ አምባዬ ቁልቁለቱን ወርደው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ ዳገቱ መሐል ላይ ሁለት ጊዜ አረፍ ብለው እስኪደርሱ ድረስ ቆመ። ሲደርሱ ትንፋሽ አጥሯቸው መናገር አልቻሉም። ሣሩን ከራሱ አወረዱና በእጃቸው «ሂድ» አሉት። የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ አልጠየቁትም። እታገኝም ያን ክረምት ድስት ከሚያፈሰው ሥር እያስቀመጠች ከረመች።

አንዷለም አሥረኛ ክፍል ተፈትኖ ውጤት አልመጣለትም። አዲስ አበባ ሄደና አንድ ሆቴል ውስጥ የመዋኛ ገንዳ ጠራጊ ሆነ። ገንዳው ዳር የሲሚንቶ ማማ አለ፤ አሥር ሜትር ነው ይላሉ፣ እኔ ግን ሳየው ከዚያ የበለጠ መስሎኛል። አንድ ጠዋት ሰው የለም ብሎ ከነመጥረጊያው ወጣና ዘለለ። ሰው ነበረ። ጥሩሸዋ የምትባል የዝላይ አሠልጣኝ ከታች ሻይዋን ይዛ ቆማ ነበር። ከውሃው ሲወጣ ይቅርታ ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት፣

«መጥረጊያውን ጣልና ድገመው» አለችው።

የአንዷለም ሥራ እንዲህ ተጀመረ። ዝላይ ማለት ዝም ብሎ መወርወር እንዳልሆነ፣ አየር ላይ መገልበጥ፣ መጠቅለል፣ መፈታት እንዳለው የነገረን እሱ ነው። ገንዳው ሰማይ ሥር ያለ ነውና ታኅሣሥ ጠዋት የከተማው ልጆች ማማው ላይ ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ፣ የመንዙ ልጅ «ዛሬ ሞቅ ብሏል» ይላል አሉ። በሁለት ዓመቱ የአገር አንደኛ ሆነ። ናይሮቢ ድረስ ሄዶም ነሐስ አመጣ። ሜዳሊያውን ለእናቱ ሰጣት፤ እታገኝም ከማተቧ ጎን አንጠልጥላ ኪዳነ ምሕረት ሄደች። ያን ቀን ቅዳሴውን ያየ ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም የእታገኝን አንገት ሲያይ ነበር።

ታዲያ በበዓል ወደ አገሩ ሲመላለስ ሳሌምን አወቃት። ሳሌም እዚሁ መሐል ሜዳ ሒሳብ አስተማሪ ናት። ደግሞስ የማን ልጅ ብትሆን ጥሩ ነው? የአቶ አምባዬ።

ሳሌም ወሬ አታበዛም። እቤቴ ድረስ መጥታ፣ ቀሚስ የምታሰፋ መስላ ቆማ፣

«ጋሼ ወሰኔ፣ እኔ ወድጄዋለሁ። ግን ያለ አባቴ ምርቃት ከቤት አልወጣም፤ እንጥፋ ቢለኝም አልጠፋም። የእኔ ድርሻ አልቋል፤ የቀረው የእናንተ ነው» አለችኝ።

«ቀሚሱስ?»

«እሱንም አያይዙት» ብላኝ ወጣች።

በሚሊኒየሙ ዓመት፣ ኅዳር ሲጋመስ፣ ሽማግሌ ተመረጠ። አቶ ጌጡ አንደኛ፤ አንደበተ ርቱዕ ናቸው፣ ራሳቸውም ይህን ያውቃሉ። ቄስ መርስዔ ኃዘን ሁለተኛ። ሦስተኛው እኔ ስሆን፣ የተመረጥኩት ካፖርት ስላለኝ ይመስለኛል፤ ሽማግሌ በንጋት ሄዶ ደጅ ላይ ነው የሚቆመው፣ የጓሳን ጠርዝ ውርጭ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ደጃቸው ላይ ቆምን። አቶ አምባዬ ወጡና ከእግር እስከ ራስ አዩን።

«ምን እግር ጣላችሁ?»

አቶ ጌጡ ከአዳም ጀምረው ወደ ሔዋን፣ ከሔዋን ወደ ሳሌም ደረሱ። አቶ አምባዬ ሁሉንም ሰምተው፣

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» አሉ።

አቶ ጌጡ ወደ ቄስ መርስዔ ኃዘን አዩ። ቄስ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ካፖርቴ ቁልፍ አየሁ። መዋሸት አይቻልም፤ የሽማግሌ ውሸት ትዳር ያፈርሳል። በመጨረሻ ቄስ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣

«ከፍ ካለ ቦታ ይወድቃል» አሉ።

«ከዚያስ?»

«ውሃ ውስጥ ይገባል።»

«ከዚያስ?»

«ይወጣና እንደገና ይወድቃል።»

«ታዲያ ምን ያገኝበታል?»

«ይሸለማል» አልኩ እኔ።

«ገደል የገቡብኝን በጎች እኔም ማሸለም ነበረብኝ በለኛ!» አሉኝ። ከዚያ ቀልዱ ከፊታቸው ጠፋ። «እኔ ያለችኝ ሴት ልጅ እሷ ናት። ነገ የወደቀ ዕለት ሳይወጣ ቢቀርስ? ዋስ ትሆኑኛላችሁ? ሲወድቅስ አይታችኋል?»

አላየንም። በዓይናችን ያላየነውን እንዴት እንበል?

«ያላያችሁትን ልትመሰክሩ ነው የመጣችሁት? ሂዱና እዩ። አይታችሁ ተመለሱ። ያን ጊዜ አንድ ቃል እነግራችኋለሁ፤ እንቢ ካልኩም ደጄን አትርገጡ።»

በሩ ተዘጋ። ከበሩ ኋላ ሳሌም ቆማ ነበር፤ የሻሿ ጫፍ በስንጥቁ ይታየኝ ነበር።

የአገሪቱ ውድድር ታኅሣሥ ውስጥ ነበርና በዋዜማው ሦስታችንም አውቶቡስ ተሳፈርን። ስንገባ ከሹፌሩ ኋላ ጋቢውን እስከ ዓይኑ የተከናነበ ሰው ተቀምጧል። ያ ሰው አቶ አምባዬ መሆናቸውን አውቶቡሱ ውስጥ ያላወቀ የታዘለ ሕፃን ብቻ ነው። ግን የልጅ አባት ይለመናል እንጂ ሙሽራ ሊያይ መንገድ አይወጣም፤ ከታየ «ሴት ልጁ ቆማ ቀርታበት ነው» ይባላል። ስለዚህ እሳቸው አልመጡም፣ እኛም አላየናቸውም። እንዳላየ ማለፍ ደግሞ የሽማግሌ ግማሽ ሥራው ነው።

ያ ሁሉ መንገድ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ያ ድምፅ ከወጣ አይደበቅማ። ደብረ ብርሃን ምሳ ስንበላ ከጎናችን ባለው ጠረጴዛ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀመጡና ሽሮውን በጣት አሳይተው አዘዙ። አቧራ ይሁን በርበሬ እንጃ፣ ድንገት አስነጠሳቸው። አቶ ጌጡ ሳይዞሩ፣

«ይማርዎ፤ ማንም ይሁኑ» አሉ።

በማግሥቱ ገንዳው ዳር ተገኘን። እኛ በዚህ በኩል፣ ጋቢ የተከናነበው «መንገደኛ» በወዲያኛው በኩል ምሰሶ ሥር። ሴቶቹ ዋናተኞች በመዋኛ ልብስ ሲያልፉ ቄስ መርስዔ ኃዘን ሰማዩን ያያሉ፤ ያን ቀን አንድ ደመና እንዳልነበረ ከእሳቸው የበለጠ የሚመሰክር የለም። አንዷለም መጥቶ ጉልበት ሳመና ወደ ሥራው ሄደ። ሌሎቹ ዘላዮች ትልልቅ ፎጣ ለብሰዋል፤ እሱ እናቱ ከገዛ በጎቿ ጠጉር ያስሠራችለትን ባና ደርቦ ነበር።

«ጾም አይደለም ወይ?» አሉ አቶ ጌጡ። «ውሃው አፉ ቢገባስ?»

«ካልዋጠው አይፈታም» አሉ ቄስ፣ ዓይናቸውን ከሰማይ ሳይነቅሉ።

የመጀመሪያው ዘላይ ወፈር ያለ ልጅ ነበር። ሲያርፍ ውሃውን ገምሶ የአቶ ጌጡን ጋቢ አረጠበው።

«ይበል! ይህ ነው ወንድ!» ብለው ተነሡ፤ እኛም ተከትለን አጨበጨብን። ሁለተኛውም ደህና አድርጎ ረጨ፤ ለእሱም አጨበጨብን። ከዚያ አንዷለም ወጣ። ከማማው ተነሣ፣ አየር ላይ ተጠቀለለ፣ ተፈታ፣ መርፌ ሐር ውስጥ እንደሚገባ ገባ። ውሃው ንቅንቅ እንኳ አላለም።

«ምነው?» አሉ አቶ ጌጡ በሹክሹክታ። «ውሃው አልሰማም እንዴ?»

እኔ አፍሬ አንገቴን ካፖርቴ ውስጥ ቀበርኩ። ይህን ይዘን ነው አቶ አምባዬ ደጅ የምንመለሰው? ከኋላችን የተቀመጠች አንዲት ተማሪ፣ ትሕትና ነው ስሟ ኋላ እንደነገረችን፣ ጎንበስ ብላ፣

«አባባ፣ ውሃው ካልተረጨ ነው ጎበዝ የሚባለው» አለቻቸው።

ዞር ስንል ዳኞቹ ቁጥር የተጻፈበትን ሰሌዳ አንሥተዋል፤ ስምንትና ዘጠኝ ነው።

«ታዲያ ለዚያኛው ያጨበጨብነውስ?» አሉ አቶ ጌጡ።

«ይመለስልን አይባል» አሉ ቄስ።

ከዚያ በኋላ ዓይናችን ተከፈተ። እየዘለለ እየወጣ፣ እየዘለለ እየወጣ፣ አንዷለም መሪነቱን ያዘ። እኔም ቀስ በቀስ ልቤ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ይወድቃል፤ ግን የሚወድቅበትን ቦታ ያውቃል። ወዲያ ማዶ ጋቢው ከዓይን ወደ አፍንጫ፣ ከአፍንጫ ወደ አገጭ ወርዷል።

የመጨረሻው ዝላይ ቀረ። አንዷለም ማማው ጠርዝ ላይ ደረሰና እንደ ወትሮው አልቆመም። ጎንበስ አለ። ሁለት መዳፉን የሲሚንቶው ጫፍ ላይ ተከለ። ከዚያ እግሮቹ ቀስ እያሉ ወደ ሰማይ ወጡ። ሰውዬው በአሥር ሜትር ገደል አፋፍ ላይ በእጁ ቆመ! ቄስ መርስዔ ኃዘን አማተቡ። አቶ ጌጡ ክንዴን ያዙኝ፤ ምልክቱ ሳምንት ቆይቷል። ገንዳው ዳር ያለው ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ መሐል፣

«በሕግ አምላክ!»

ያ ድምፅ ነው። ጓሳን የሚያህል አገር የሚሸፍን ድምፅ አንድ ገንዳ ላይ ሲወድቅ አስቡት። ቡና የሚያቀርበው አስተናጋጅ ትሪውን እንደያዘ ቆመ። ውሃ ውስጥ የነበሩ ዋናተኞች ባሉበት ቆሙ፤ እንዴት ቆሙ አትበሉኝ። አንዷለም እግሮቹን ቀስ ብሎ አወረደ፤ ቀና አለ፤ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ልክ ሣር የተሸከመ ዕለት እንደቆመው ቆመ።

«ምን ሆንክ? ዝለል እንጂ!» ብላ ጮኸች ጥሩሸዋ ከታች።

«አልችልም።»

«ለምን?»

«በሕግ አምላክ ተብያለሁ።»

«ማን ነው ያለህ?»

«አላየሁም፤ ግን አቶ አምባዬ ናቸው።»

ሰው ሁሉ ወደ ምሰሶው ዞረ። አቶ አምባዬ ጋቢያቸው ትከሻቸው ላይ ወድቆ፣ በትራቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው ቆመዋል። እንደማይደበቁ ሲያውቁ በትሩን አወረዱ። እኛም ገንዳውን ዞረን እየሮጥን ደረስን።

«አቶ አምባዬ ነዎት?» አሉ አቶ ጌጡ፣ ገና አሁን እንዳዩዋቸው ሁሉ።

«አይደለሁም።»

«እንግዲያ ማን ነዎት?»

«መንገደኛ።»

«መንገደኛም ቢሆን በሕግ አምላክ ካለ ጉዳዩን ይናገር። ልጁ ቆሞልዎታል።»

ዋና ዳኛዋ ፊሽካዋን ከአፏ አውጥታ መጣች። ነገሩ ሲነገራት ሳቋን ዋጠችና፣

«የእኔ ሕግ አንድ ጊዜ መድገም ይፈቅድለታል፤ ከየዳኛው ሁለት ሁለት ነጥብ ተቀንሶበት። የእናንተን ሕግ ደግሞ ቶሎ ጨርሱልኝ» አለች።

«ጉዳዬ ምን ይሆናል?» አሉ አቶ አምባዬ። «ሰው በገደል አፋፍ ተዘቅዝቆ ይቆማል? እናት የለውም? ቤት የምትጠብቀው ልጅስ የለችም? ወርዶ በደረጃው ይምጣ!»

«በደረጃ ከመጣ ተሸነፈ» አለች ጥሩሸዋ። «አባቴ፣ ይልቀቁት፤ እግርዎ ላይ ልውደቅ።»

«ዋስ ይጥራ!»

ይኸው መጣ። ደጃቸው ላይ ያጣነው ነገር፣ ዋስነት። አቶ ጌጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ንግግር ጠፋቸው። ቄስም፣ «እኔ እባርከዋለሁ እንጂ የነገን አላውቅም» አሉ። ወደ ላይ አየሁ። ያ የማይረባ ቁምጣ የሰፋሁለት ልጅ አንገቱን ደፍቶ፣ የእኛን ቃል እየጠበቀ፣ ነፋስ ላይ ቆሟል። በሕይወቴ ለመኪናዬ እንኳ ዋስ ሆኜ አላውቅም።

«እኔ ዋስ ነኝ» አልኩ። «አይቼዋለሁ። ይወድቃል፤ ይወጣል። ካልወጣ እኔ ገብቼ አወጣዋለሁ።»

«ዋና ታውቃለህ?» አሉኝ አቶ አምባዬ።

«አላውቅም።»

አቶ አምባዬ ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። መቼም ሰው ዋና ሳያውቅ ለዘላይ ዋስ ሲሆን፣ ወይ እብድ ነው፣ ወይ እውነቱን ነው። ከዚያ ቀና አሉና፣

«ተለቀሃል!» ብለው ጮኹ። «ግን ቀስ ብለህ!»

ከአሥር ሜትር ቀስ ብሎ! ገንዳው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ፤ አንዷለምም ላይ ሆኖ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ሳቁ እስኪያልቅለት ጠበቀ። ጎንበስ አለ፣ መዳፉን ተከለ፣ እግሩን አነሣ። አቶ አምባዬ የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከትተው ነከሱ። ልጁ ተለቀቀ፤ ተገለበጠ፤ ተፈታ፤ ገባ። ውሃው ተከድኖ ቀረ።

ከዚያ ያለው ጊዜ አጭር ነበር ይላሉ። እኔ ካፖርቴን አውልቄ ነበር።

ብቅ አለ።

በተቀነሰው ነጥብ ሳቢያ ሁለተኛ ወጣ። አቶ አምባዬ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ።

«የእኛ ልጅ ለምን አንደኛ አልሆነም? ውሃውን እንኳ አልነካውም!»

«አንደኛ ነበር፣ አባቴ» አለች ጥሩሸዋ። «ሁለተኛ ያደረገው የእርስዎ ድምፅ ነው።»

አንዷለም ባናውን ደርቦ መጥቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው።

«ለምን ቆምክ?» አሉት። «ብትዘል ማን ሊይዝህ?»

«እንጃ ጌታዬ። እጄ እንቢ አለኝ። ፊትም አስቁመውኝ ያውቃሉ እኮ።»

«የት?»

«ጓሳ። ሣር ተሸክሜ። ትንፋሽ አጥሮዎት በእጅዎ ነው የሸኙኝ።»

አቶ አምባዬ ልጁን እንደ አዲስ አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ለቄስ መርስዔ ኃዘን፣

«ስንቱን ጠርቻለሁ፤ ስንቱ ሮጧል። አንድ ልጅ ብቻ ነበር የቆመው» አሉ።

እኛ እንግዲህ እዚያው እሺ ይሉናል ብለን አፋቸውን ስንጠብቅ፣ ጋቢያቸውን አነሡና መልሰው እስከ ዓይናቸው ተከናነቡ።

«እኔን አላያችሁኝም» አሉን።

«ማንን?» አሉ አቶ ጌጡ።

በእሑዱ ንጋት ደጃቸው ላይ ቆምን። ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። አቶ አምባዬ ወጥተው ከእግር እስከ ራስ አዩን፣ ከተወለዱ አይተውን እንደማያውቁ።

«ማን ናችሁ? ምን እግር ጣላችሁ?»

አቶ ጌጡ እንደገና ከአዳም ጀመሩ። አቶ አምባዬም በትዕግሥት አዳምን ሰሙ፣ ሔዋንን ሰሙ፣ ኖኅንም ሰሙ፤ ኖኅ ባለፈው አልነበረም፣ በውሃው ምክንያት የተጨመረ ነው። እግሬ መኖሩን ረሳሁት።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?»

«ከፍ ካለ ቦታ ይወድቃል» አሉ ቄስ መርስዔ ኃዘን።

«ከዚያስ?»

«ሲጠራ ይቆማል።»

አቶ አምባዬ አንገታቸውን ደፉ። ፊታቸውን እንዳናይ መሆኑ ገብቶናል። ቀና ሲሉ ግን ያው ናቸው።

«እንግዲህ አስበን፣ ዘመድ ጠይቀን፣ በሌላ ጊዜ ብትመለሱ…» ሲሉ፣ እኔ ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮኽኩ።

አቶ አምባዬ በሩን ሊዘጉ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆሙ። ደንብ ነዋ! ከራሳቸው በቀር ማን ያከብርላቸዋል?

«ጉዳይህን ተናገር» አሉኝ ሳይነቃነቁ።

«ብርድ ነው ጌታዬ።»

ከውስጥ የሳሌም ሳቅ ተሰማ፤ ሳቁን አባቷም መደበቅ አቃታቸው፤ በሩ ተከፈተ። የበግ አጎዛው አስቀድሞ ተነጥፎ፣ እሳቱ ተያይዞ፣ ሦስት የሽማግሌ መቀመጫ ተደርድሮ ነበር። ለእኔ የተመደበው ለእሳቱ ቅርብ የሆነው ነው። ሰርጉ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሆነ፤ ቀሚሱን እኔ ሰፋሁ፣ በልኩ።

አንዷለም ከዚያ በኋላም አራት ዓመት ዘለለ፤ ያቺን አንደኝነትም መልሶ አመጣት። ዛሬ ሌሎችን ያሠለጥናል። በየውድድሩ አቶ አምባዬ ምሰሶው ሥር አይታጡም፤ አሁን ጋቢውን የሚከናነቡት ለመደበቅ አይደለም። አንዷለም ያሠለጠነው ልጅ ማማው ላይ ሲወጣ ጫፉን አፋቸው ውስጥ ከትተው ይነክሳሉ፣ ድምፃቸው እንዳያመልጥ። ታዲያ የጋቢያቸው ጫፍ በየዓመቱ ይበጠሳል። ይዘውት ሲመጡ «አይጥ በላው» ይሉኛል።

እኔም አይጡን አላየሁትም። እጠግንላቸዋለሁ።